እጁን ያሰርኩበት ሻሽ

ቡቲዬ (የኬንያ ሞያሌ)፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እትዬ ዘርፌ፣

እንዴት ከርመሻል? ናይሮቢ ተስማማችሽ? የጸጉር ቤቱ ሥራስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ፍየሎቹም ደህና ናቸው። አንቺ ተከራይተሽው የነበረው ክፍል ውስጥ አሁን አንድ የቦዳቦዳ ነጂ ገብቷል፤ እንዳይሰረቅበት ፈርቶ ሞተሩን አልጋው አጠገብ ያሳድረዋል፤ ግቢው ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ደብዳቤሽን ያታኒ ከአውቶቡሱ እንደወረደ በእጄ ሰጠኝ። የአውቶቡስ ረዳት ሆኖ እንኳ ደብዳቤ ሲያደርስ እንደ ሽማግሌ ይኮራል።

ለምን በስልክ አታወሪኝም ላልሽኝ፣ ስልኩ የእማዬ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምታወራ ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ ሰላም ይልሻል። በወረቀት ሲሆን አላፍርም። ፊደሉንም ቢሆን ያጠናከርሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ አማርኛ የሚያነብ የለም።

ትምህርቱን ትቼዋለሁ። ማዶ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ፣ አያቴ ዘንድ ሆኜ እስከ አምስተኛ ክፍል ስማር አማርኛ ነበር። እዚህ ስመጣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ከትንንሽ ልጆች ጋር አስቀመጡኝ፤ እግሬ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለ። እሱንስ ችዬው ነበር። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ግን ደረቴ አላስቀምጥ አለኝ።

ስሜቱ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ልቤ ይሮጣል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አየር ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ሰው ሲበዛና ስልክ ሲጮኽ ይብስብኛል። ሐኪም ቤት ደሜን አይተው፣ ልቤን አዳምጠው ምንም የለብሽም አሉኝ። ሼኩም ቁርኣን ቀሩብኝ፤ ጥቂት ቀን ተሻለኝና ተመለሰ። እማዬ ለሰው “ሥራ ጠልታ ነው” ትላለች፤ ብቻዬን ስሆን ግን ከበሩ ቆማ ትንፋሼን ታዳምጣለች።

ስሙ በአማርኛ ያስቅሽ ስለነበረው ስለ ወንድሜ ስለ ዲዳ ምንም አልጠየቅሽኝም። ሞምባሳ ወደብ ሥራ አግኝቷል። እማዬ ለሁሉም የምትነግረው እንዲህ ብላ ነው። ናይሮቢን ሲያልፍ ወዳንቺ ብቅ አላለም?

የማልነግርሽ አንድ ነገር አለኝ። ለሰው ቃል ገብቼ ነው፤ አትቀየሚኝ።

ታናሽ እህትሽ ቀመር

*

ናይሮቢ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀመርዬ፣ የእኔ ዓይን አፋር፣

ለእናትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ስለ ደረትሽ የጻፍሽውን ሳነብ ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ከስደተኞች ካምፕ ከወጣሁ በኋላ እኔንም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር፤ የደንበኛ ጸጉር ግማሹን ሠርቼ ግማሹን ትቼ ከሱቅ እየወጣሁ እሮጥ ነበር። አንዷ ደንበኛዬ በአንድ ጎን ጸጉሯ ተከትላኝ ወጣች፤ በነጋታው የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ወሰደችኝ።

ምን ያደርጉኛል ብለሽ እንዳትፈሪ፣ መርፌ የለም። ወንበር አለ፣ ሰው አለ። መጀመሪያ ስለ እንቅልፍሽና ስለ ምግብሽ ይጠይቁሻል። ማልቀስ ግዴታ አይደለም፤ ዝም ማለትም ይቻላል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን የጨረስኩት ስለ ጫማዬ በማውራት ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ መዳን ግን የለም። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ስትወጪ ከገባሽበት የባሰ ይከብድሻል፤ የማይሠራ እንዳይመስልሽ። ጥሩ አማካሪ አይቆጣሽም፣ አይሰብክሽም፣ ሳይሰማሽ ደህና ነሽ አይልሽም። የነገርሽው እዚያው ይቀራል። ካልተስማማሽ ሌላ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አይዋሽሽም። በዚህ ለይው።

ናይሮቢ ሰፊ ናት ቀመርዬ፤ መንገደኛውም ብዙ ነው። እኔ እንደሆንኩ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ነኝ።

እናንተ ዘንድም ክሊኒኩ አማካሪ አለው፤ ቶሎ ሂጂ፤ እባክሽ አትዘግዪ። ከጎንሽ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ።

የአንቺው ዘርፌ

*

ቡቲዬ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እትዬ ዘርፌ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሄድኩልሽ!

አማካሪው ኬቨን ይባላል፤ ከታች አገር፣ የእኛ ቦረንኛ ከማይነገርበት፣ የመጣ ወጣት ነው። ገና ሳልቀመጥ “ፖሌ፣ ፖሌ ሳና” እያለ አዘነልኝ፤ ምን እንደሆንኩ እንኳ አልነገርኩትም ነበር። ችግሩ ቋንቋ ነው። በስዋሂሊ ሽንኩርት መግዛት እችላለሁ፤ ደረቴን ማስረዳት ግን አልችልም። ቦረንኛ የሚያስተረጉም ዘበኛው ቦርቶ አለ አሉኝ። ቦርቶ ደግሞ የአጎቴ ሚስት ወንድም ነው። እንቢ አልኩ፤ አማርኛ ይሁንልኝ አልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ወይዘሮ ወርቅአየሁን ጠሩልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩን የምታጸዳው ሴት ናት። ክርስቲያን ናት፤ ዝምድና የለንም፤ ለቅሶ ቤትም አብረን አንቀመጥም። ወሬ ከእሷ ተነስቶ እኛ ግቢ የሚደርስበት መንገድ የለም ብዬ አሰብኩ።

እትዬ፣ ብታያት! እኔ ብዙ ተናግሬ እሷ በሁለት ቃል ትጨርሰዋለች። እሱ አንድ ቃል ሲናገር ደግሞ ታስረዝመዋለች።

“ምን አለ?” ስላት፣

“አይዞሽ ነው ያለው። እኔ የምልሽ ደግሞ፣ ስታገቢ ይለቅሻል” አለችኝ።

“ያሉኝን ለእሱም ይንገሩታ።”

“ምን ብዬ! ልጅ እግር ነው፤ ራሱም አላገባም፤ ይከፋዋል።”

ሳቅ አመለጠኝ። ኬቨንም ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። ከሐምሌ ወዲህ ጮክ ብዬ ስቄ አላውቅም ነበር።

በኋላ፣ ደጋግሜ ከሄድኩ በኋላ፣ ያን ነገር ነገርኩት። ለአንቺ ያልነገርኩሽን። ኬቨን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ መሬት መሬት እያየች ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችው። ያን ዕለት ልብሴን ሳልቀይር እንቅልፍ ጣለኝ፤ እማዬ ናት የቀሰቀሰችኝ።

አላህ ይክፈልሽ። አንቺ ባትልኪኝ አልሄድም ነበር።

ታናሽ እህትሽ ቀመር

*

ቡቲዬ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘርፌ፣

ሰላምታዬን ባሳጥረው አትቀየሚኝ።

እማዬ ከገበያ ዕቃዋን ሳትይዝ መጣች። ጨርቆቿን ጥላ ስትመጣ አይቻት አላውቅም። በር ላይ ቆማ “ዲዳ የት ነው?” አለችኝ።

“ሞምባሳ” አልኳት።

“ወርቅአየሁ ሌላ ነገር ነገረችኝ።”

እኔ ያላየሁት ገበያውን ነው፤ ከሐምሌ ወዲህ ሰው የሚበዛበት ስለማልሄድ። ወርቅአየሁ ከሰዓት በኋላ ሚቱምባ ትሸጣለች፤ ልባሽ ልብሷን የምትዘረጋው ከእማዬ ጨርቅ መደብ አጠገብ ነው። እማዬ ለሶላት ስትነሳ ወርቅአየሁ ትጠብቅላታለች፤ ወርቅአየሁ ለበዓል ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እማዬ ትሸጥላታለች። ዘመድ ሸሽቼ ከዘመድ የባሰ ቅርብ ሰው እጅ ገባሁ።

አሁን አንቺም እወቂው፤ ገበያው ሁሉ አውቆታል። ዲዳ ሞምባሳ የለም። ደላላ አግኝቶ በታንዛኒያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው የሄደው። ለእኔ ብቻ ነገረኝ። “ደርሼ እስክደውል ለእማዬ ሞምባሳ ነው በያት” አለኝ። እንዳለኝ አልኩ። አልደወለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ደረቴን የሚይዘኝ ለዚህ ነው።

እማዬ “ዓይኔን እያየሽ?” ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ምግብ አቅርባልኝ ትወጣለች።

ወርቅአየሁ እስከ ግቢያችን መጣች። “እኔም ልጅ አለኝ” አለችኝ። “እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ልጄ ሞምባሳ ነው እያለች ስትስቅ እኔ እያወቅሁ እንዴት አብሬ ልሳቅ?” ትክክል ናት ብዬ እንዳላስብ ተናድጄአለሁ፤ ተሳስታለች ብዬም እንዳላስብ እማዬን አያታለሁ። ኬቨን ደግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። አስተርጓሚዋን የክሊኒኩ ሰዎች ምስጢር እንድትጠብቅ ቃል ያስገቧት መስሎት ነበር። መስሎት!

የነገርሽው እዚያው ይቀራል ብለሽኝ ነበር። አልቀረም። ሁለተኛ አልሄድም። ካንቺ በቀር ማንንም አላምንም፤ አንቺ ብቻ ትበቂኛለሽ። ያልዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ቀመር

*

ናይሮቢ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀመርዬ፣ እናቴ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ሱቁን ዘጋሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አስተርጓሚም እንደ አማካሪው ቃል መግባት እንዳለባት ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ እኔ ረስቼው አንቺ ተጎዳሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አንቺ ብቻ ትበቂኛለሽ አትበይኝ። እኔ አልበቃም። ያታኒን ጠይቄው ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ እዚያው ክሊኒክ የምትመጣ ሻምሳ የምትባል አማካሪ አለች አለኝ። የኡራን መንደር ልጅ ናት፣ ቦረንኛ ትናገራለች፣ አስተርጓሚ በመካከላችሁ አይገባም። አፍ ከመክፈትሽ በፊት ጠይቂያት፦ ማን ይሰማናል? የምትጽፊውን ማን ያየዋል? ለሰው የምትናገሪው መቼ ነው? በጥያቄሽ ከተቆጣች ተነስተሽ ውጪ። በደስታ ከመለሰችልሽ ተቀመጪ።

ስለ ዲዳ አትጨነቂ። ደህና ነው፤ ልቤ ይነግረኛል። ጠንካራ ልጅ ነው። መዳፉ ያን ያህል ተቆርጦ እንኳ ሲስቅ የነበረ ልጅ መንገድ አይበግረውም።

ሐሙስ ሂጂልኝ።

ዘርፌ

*

ቡቲዬ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርፌ፣

እንደምን አለሽ? እማዬ አሁንም ዝም እንዳለች ናት። ዝናቡ ጀምሯል፤ ወደ ኦቦ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኗል።

ሻምሳ ዘንድ ሄድኩ። የምታናግርበት ክፍል ሕፃናት የሚከተቡበት ነው፤ የሕፃናት ሚዛን ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። የት መቀመጥ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። በሩ አጠገብ አልኳት። የበሩን ቁልፍ በእኔ በኩል አስቀመጠችው።

ያልሽኝን ጥያቄዎች ጠየቅኳት። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ አስደገመችኝ፤ አልተቆጣችም። “ከአንቺና ከእኔ ሌላ የሚሰማ የለም” አለች። “የምጽፈው ይቆለፍበታል። ራስሽን ልትጎጂ ከሆነ ወይም ሰው ሊጎዳሽ ከሆነ ግን ዝም አልልም፤ ያኔም አስቀድሜ ላንቺ ነግሬ ነው።” ከዚያ ያልጠየቅኳትን ጨመረችልኝ። “እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ። እናትሽ አክስቴን ታውቅ ይሆናል። ገበያ ላይ ካገኘሁሽ አንቺ ቀድመሽ ሰላም ካላልሽኝ እኔ ሰላም አልልሽም። ንቃኝ ነው እንዳትይ።”

እትዬ፣ እኛ አገር ሰላም ሳይሉ ማለፍ ስድብ ነው። እሷ ለእኔ ስትል ባለጌ ለመባል ተዘጋጅታለች። ያኔ ነው የተቀመጥኩት።

“ወንድሜ በሕይወት አለ?” አልኳት። ይህን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ኢንሻአላህ ደህና ነው ብሎኛል። እሷ “አላውቅም” አለችኝ። “የማላውቀውን አልነግርሽም። ሳናውቅ ግን አብረን መቀመጥ እንችላለን።” በጣም ተናደድኩባት። ከዚያ ትንፋሼ በራሱ ወረደ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ባለፈው ሐሙስ ዲዳ የሄደበትን ጠዋት ነገርኳት። ጎህ ሲቀድ ነው። እማዬን በሩ እንዳይቀሰቅሳት ብሎ በቆርቆሮው አጥር ላይ ዘለለ፤ ቆርቆሮው መዳፉን ሰነጠቀው። ቢጫ ሻሼን አውልቄ አሰርኩለት። “ሙሽራ አስመሰልሽኝ” ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሄደ።

“እጁን ሌላ ማን አየው?” አለችኝ ሻምሳ።

“ፍየሎቹ።”

“ከዚያ ወዲህስ ለሰው ነግረሽ ታውቂያለሽ?”

አላውቅም ልላት አፌን ከፈትኩና የደብዳቤሽ አንድ መስመር ትዝ አለኝ። ለኬቨንም ለወርቅአየሁም አልነገርኩም። ለእማዬም አልነገርኩም። ለአንቺም አልጻፍኩልሽም። ደረቴ ያዘኝ። ሻምሳ እግሬን መሬት ላይ እንድጫን፣ ሚዛኑን እያየሁ ቀስ ብዬ እንድተነፍስ ነገረችኝ። ምን ሆነሽ ነው ብላ አላስጨነቀችኝም።

እትዬ፣ የዲዳ መዳፍ መቆረጡን ማን ነገረሽ?

ቀመር

*

ቡቲዬ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ያታኒ ደጋግሞ ባዶ እጁን መጣ። “ሥራ በዝቶባት ነው” ይላል፤ ዓይኔን ግን አያየኝም። ድሮ ደብዳቤ ሳይኖረው እንኳ ከሩቅ ይጮኽልኝ ነበር።

መቆጣት አልችልም፤ ታውቂኛለሽ። ብቻ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ካላወቅሽ አላውቅም በይኝ። ካወቅሽ ግን ደህና ነው አትበይኝ።

ቀመር

*

ቡቲዬ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዘርፌ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ያታኒ ሲሰጠኝ ወዲያው አልከፈትኩትም፤ ሐሙስ እስኪደርስ ይዤው ቆየሁ። ሻምሳ ክፍል ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ከፈትኩት። እሷ አማርኛ ስለማታነብ እኔን እኔን ስታይ ቆየች።

እንዴት ነሽ ብለው ጠይቀውኛል። ተኝቼ እነሳለሁ። እበላለሁ። አለቅሳለሁ።

ዲዳ መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ እንደመጣ፣ መዳፉን አጥበው እንዳሰሩለት፣ ሱቁ ወለል ላይ አንጥፈው እንዳሳደሩት ጽፈዋል። ሂድ እንዳላሉት፣ አትሂድም እንዳላሉት። ጥቅምት ላይ ከታንዛኒያ የተደወለውን ስልክም ጽፈዋል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ታሞ፣ አብረውት የነበሩት ልጆች መንገድ ዳር እንደቀበሩት። ከልጆቹ አንዱ ቁጥርዎን ከእሱ ኪስ አግኝቶ እንደደወለ።

ጥቅምት ላይ ነው። እኔ በጥር ናይሮቢን ሲያልፍ አላየሽውም ወይ ስልዎት መንገደኛው ብዙ ነው አሉኝ። በመጋቢት ደህና ነው፣ ልቤ ይነግረኛል አሉኝ። ወርቅአየሁ እውነቱን ይዛ መቀመጥ አቅቷት አወጣችብኝ፤ እርስዎ እውነቱን ይዘው አጽናኑኝ። ከሁለቱ የቱ እንደሚያም አሁን አውቀዋለሁ።

ወደ አማካሪ የላኩኝ ዜናው ሲመጣ ከጎኔ ሰው እንዲኖር ብለው እንደሆነ ጽፈዋል። አምንዎታለሁ። ደግ አድርገዋል። ዜናው የነበረው ግን እርስዎ ዘንድ ነው። እርስዎ እስኪልኩት ነበር እኔ የምጠብቀው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ “ለእናትሽ አሁን አትንገሪያት፤ ልቧ አይችለውም። ጊዜው እስኪደርስ በእኔና በአንቺ መካከል ይቆይ” ብለዋል። ዲዳም አጥሩ ሥር እንዲሁ ነበር ያለኝ። ሁለታችሁም እኔን መረጣችሁ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው አይደል? ዝም ያለ ሰው የማይከብደው ይመስላችኋል።

ለእማዬ ነገርኳት። ብቻዬን ስለፈራሁ ሻምሳ አብራኝ ቤት መጣች፤ ስትገባ ለእማዬ የማን ልጅ እንደሆነች ነግራ፣ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ደብዳቤዎን እያነበብኩ ወደ ቦረንኛ መለስኩላት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ለእናትሽ አትንገሪያት የሚለውንም ጭምር።

እማዬ “እሱን ቦታ ድገሚልኝ” አለችኝ።

ደገምኩላት።

“ልቧ አይችለውም ነው ያለችው?”

“አዎ።”

ከዚያ ከየካቲት ወዲህ ነክታኝ የማታውቀው እማዬ ራሴን ስባ ጭኗ ላይ አስተኛችኝ፤ ልቅሶዋን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

ለቅሶ ተቀመጥን። ወርቅአየሁ መጥታ ከኋላ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። እማዬ አየቻትና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። እኔ ገና ሰላም አላልኳትም። ወደፊት ምናልባት።

ይቅር ብለሽኛል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሻምሳ ይቅር በያት ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ አላለችም። አትበያትም አላለችኝም። “ከእሷ የምትፈልጊው ምንድን ነው?” ብቻ አለችኝ። ጥያቄውን ይዤ ሌላም ሐሙስ ሄድኩ። አላጣደፈችኝም።

አሁን አውቄዋለሁ። የዲዳን እጅ ሲያጥቡ ሻሹን ፈትተው በነጭ ጨርቅ እንደቀየሩለት፣ ሻሹን አጥበው እስካሁን እንዳስቀመጡት ጽፈዋል። እሱን ነው የምፈልገው። በያታኒ እጅ ይላኩልኝ።

ደብዳቤ አይጨምሩበት።

ቀመር